ትንሿ መኪናና ግዙፉ ወንድሜ

ከጆሃንስበርግ ከተመለስኩ ወዲህ ሆሳዕና ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አገሩ እንዴት ነው?» ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ? ሌላ ሰው ሄዶ ፎቁን ያያል፣ አንበሳ ያያል፣ ወርቅ የወጣበትን ጉድጓድ ያያል። እኔ ያየሁት የወንድሜን ማጅራት ነው። ሳምንቱን ሙሉ አንዲት ትንሽ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተጣጥፌ፣ ከፊቴ ሁለት ሰዎች ስለ መኪና ሲጨቃጨቁ ስሰማ ሰነበትኩ። ለእያንዳንዱ ጠያቂ እንደ አዲስ ከምተርክ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ ሰዎቹን ላስተዋውቅ። እኔ አስቴር እባላለሁ፤ የቤታችን የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ሆሳዕና ገበያው ዳር የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ከእኔ ቀጥሎ አበራ ነው፤ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ከከተማ ከተማ የሚሄድ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል። የመጨረሻው ማርቆስ ደቡብ አፍሪካ ነው። ከሚስቱ ከምሕረትና ከልጁ ከሐና ጋር ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ይኖራል፤ ሱቁ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ጻካኔ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ከዳቦ እስከ ሻማ የሚሸጥ የሰፈር ሱቅ እዚያ «ስፓዛ» ይሉታል።

ከመሄዴ በፊት በነበረው ክረምት ማርቆስ በኮሮና ተይዞ ሆስፒታል ገባ። በኦክስጅን ሰነበተ። እኛ እዚህና እዚያ ሆነን በስልክ ከማልቀስ በቀር ያደረግነው ነገር የለም። እግዚአብሔር መለሰልን። በረራው ሲከፋፈት አበራ ደወለና «እትዬ፣ ሄደን ዓይኑን እንየው፤ ቲኬትሽን ለእኔ ተዪው» አለኝ። ሌላም ጉዳይ ነበረው። ሐና ተመርቃ ሆስፒታል ውስጥ ላቦራቶሪ ሥራ ይዛለች። አበራ ደግሞ ተማሪ ሳለች «ሥራ የያዝሽ ዕለት መኪና እገዛልሻለሁ» ብሏት ነበር። ቃሉን ሊፈጽም ነው የሚሄደው። ምን ዓይነት መኪና የሚለውን ግን እሱም አልጠየቃት፣ እሷም አልነገረችው። የመከራዬ ሁሉ መጀመሪያ ይኼ ነው።

ዓርብ ጠዋት ከሆሳዕና መናኸሪያ ተነሣሁ። ሚኒባሱ በኮሮና ምክንያት በወንበር ልክ ነው የሚጭነው ተብሎ ታሪፉ ተጨምሯል። ታሪፉን ከፈልን፤ ትርፉም ሰው ተጫነ። ማስክ ኬላ ሲደርስ አፍንጫ ላይ ይወጣል፣ ኬላው ሲታለፍ አገጭ ላይ ይወርዳል። በየኬላው እየወረድን ተፈተሽን። አንዱ ፈታሽ ሻንጣዬን አስከፍቶ ቡላውንና በቆርቆሮ የታሸገውን ቅቤ አየና «እናቴ፣ ደቡብ አፍሪካ ምግብ የለም እንዴ?» አለኝ። ወንድሜ ከሞት ተርፎ የቤቱን ቅቤ ሳይቀምስ ይቅር ልበል? አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ፤ የኮሮና ምርመራ ወረቀቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ትራሴ ሥር አድርጌ።

ቅዳሜ አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ፊቱን በፕላስቲክ መከለያ ሸፍኖ፣ ምግብ ሲመጣ በምን በኩል እንደሚጎርስ ጠፍቶት ሲታገል አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቄ ጆሃንስበርግ አየር ማረፊያ ላይ አለቀ። ቡላው አለፈ፤ ቅቤው ግን የወተት ውጤት ስለሆነ አይገባም ተባለ። ሠራተኛዋ ክፉ ሰው አይደለችም። «ሶሪ፣ ማማ» እያለች፣ እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ይዛ ወሰደችው። ከሆሳዕና ድረስ በጉያዬ የመጣ ቅቤ!

በሩ ላይ አበራ ቆሟል። ስንት ዓመት ሳላየው! ሲሄድ ቀጭን ነበር፤ አሁን ግን አንድ ሰው ሆኖ የሁለት ሰው ቦታ ይዟል። በዘመኑ ደንብ ክርኑን ዘረጋልኝ። ክርን ለመሳም አይደለም የመጣሁት፤ አንገቱን አንቄ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰና ወዲያው እንባውን ጠርጎ መማረር ጀመረ።

ከቴክሳስ ሆኖ ትልቅ መኪና ተከራይቶ ነበር። ጠዋት ሲደርስ ግን የኪራይ ቤቱ ልጅ፣ ኮሮና ሲመጣ ተከራይ ጠፍቶ ድርጅቱ መኪኖቹን እንደሸጠ፣ የቀረችው አንዲት ብቻ እንደሆነች ነገረው። ተጨቃጨቀ፤ አለቃ አስጠራ፤ አለቃውም ይህችኑ ቁልፍ ይዞ መጣ። ሄደን አየናት። ፈረንሳይ ሠራሽ ናት፤ ቢጫ፤ ከሆሳዕና ባጃጅ በአንድ ክንድ ብትበልጥ ነው።

«ይኼ መኪና ነው ወይስ የመኪና ቁልፍ መያዣ?» አለ አበራ።

የእሱ ሻንጣዎች የኋላውን ሞሉት። የእኔ ሻንጣ ከጎኔ ተቀመጠ፤ እኔ በተረፈው ላይ። አበራ መሪው ሥር ለመግባት መጀመሪያ አንድ እግሩን፣ ከዚያ ጭንቅላቱን፣ በመጨረሻ የቀረውን አካሉን አስገባ። እዚያ አገር መሪው በቀኝ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በቀኝ እጁ ማርሽ ሲቀይር የኖረ ሰው፣ ማርሽ በፈለገ ቁጥር በቀኝ እጁ በሩን ይመታል። በሩን መታ፣ መስኮቱን መታ፣ ተራገመ። እኔ ከኋላ ሆኜ መንገዱን ሳይ ግን ገረመኝ፤ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ አስፋልት፤ ቁራጭ ጉድጓድ የለም። የእኛን የቡታጅራን መንገድ አስቤ ቀናሁ። ያን ጊዜ ጻካኔን ገና አላየሁም ነበር።

ማርቆስ ከቤቱ በር ወጥቶ እስከ አጥሩ ለመምጣት መሃል ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። በቃ፣ ያን ሳይ ቅቤውንም ጉልበቴንም ረሳሁ። ሦስታችንም አጥሩ ሥር ተቃቅፈን ቆምን። ምሕረት እያለቀሰች «ግቡ እንጂ፣ መንገድ ላይ ነው እንዴ?» ትላለች። ከሱቅ በተገዛ ቅቤ ቡላውን ገንፎ አገነፋችው። ማርቆስ ሁለት ጊዜ ጎረሰና «እትዬ፣ ቅቤው የት አለ?» አለኝ።

አመሻሹ ላይ ሐና ከሥራ ገባች፤ በሁለት ታክሲ ተሳፍራ። ታክሲ የሚሉት የእኛን ሚኒባስ ነው። በሩን ከፍታ ገና ሰላም ሳትለን፣ «አንክል! ኦ ማይ ጋድ! ውጪ ያለችውን ነው የገዛህልኝ?» አለች። ዓይኗ በራ። እንደዚያ ደስ ያላት ልጅ አይቼ አላውቅም።

አበራ ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ የእሷ ፊት ደበዘዘ።

«ኪራይ ናት። ለአንቺማ መኪና ነው የምገዛልሽ» አላት።

«እሷም እኮ መኪና ናት፣ አንክል።»

በዚህ ተጀመረ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን፤ ከሆሳዕናና ከዱራሜ የመጡ የእኛው ሰዎች የሚያመልኩበት አዳራሽ ነው። በር ላይ ሙቀታችንን ለኩን፤ ወንበሩ ተራርቋል፤ መዝሙሩ ግን አልተራራቀም። ማርቆስን ሲያዩ ጉባኤው በሙሉ ቆሞ አመሰገነ። ከአምልኮ በኋላ ወንዶቹ ቢጫዋን መኪና ከበቧት። አንዱ «አበራ፣ ከአሜሪካ መጥተህ በዚህች?» አለው። ሌላው ጎማዋን በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋት፤ ዶሮ የሚገዛ ነው የሚመስለው። ስለ ሐና መኪና ሲሰሙ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ባኪ ግዛላት» አሉ። ባኪ የሚሉት ፒክአፑን ነው። ማርቆስም እንደመሳቅ ብሎ «ባኪ ከሆነ ለሁላችንም ይጠቅማል» አለ። ሐና ወደ እኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «አንቲ፣ ባኪ ከገዛልኝ እስካገባ ድረስ የዳዲን ለስላሳ ሳመላልስ መኖሬ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም ሴት ልጅ ነበርኩ፤ የቤቱ አህያ ማን እንደሚሆን አውቃለሁ።

ሰኞ ማርቆስ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቁን ሊያይ ጻካኔ ሄድን። ሐና የዕረፍት ቀኗ ስለነበር አብራን ሄደች። ምሕረት ቀድማ በአሮጌው ባኪያቸው ሄዳ ሱቁን ከፍታለች። መንገድ ላይ ሁለቱ ጀመሩ። አበራ «ትልቅ መኪና ውስጥ ስትሆኚ መንገዱን ከላይ ታዪዋለሽ» ይላል። ሐና «እኔ መንገድ ለማየት አይደለም፣ ሥራ ለመድረስ ነው» ትላለች። ማርቆስ ጋቢና ተቀምጦ በሀዲይኛ «ተዋት፣ ልጅ ናት» ይለዋል፤ አበራም በሀዲይኛ ይመልሳል። ሐና ሀዲይኛ አትሰማም፤ ሲደብቋት ተናደደችና በዙሉ አንድ ነገር ተናገረች፤ ያንን ደግሞ እነሱ አልሰሙም። እኔ ማስታረቁ ቀርቶ፣ የሐና ክርን ጎኔ ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ አጥሮኛል።

ሱቁ ጋ ስንደርስ ግን ሱቁ ያለበት ቤት ባለቤት የሆኑት አሮጊት፣ ሰፈሩ በሙሉ «ጎጎ» የሚላቸው፣ ማርቆስን ከመኪናው ሲወርድ አዩ። ጎጎ ማለት አያት ነው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑና «ማርኮ! ማርኮ!» እያሉ መጡ። ሊያቅፉት ደረሱ፤ ኮሮናው ትዝ አላቸውና ቆሙ፤ ከዚያ «ሃዉ!» ብለው አቀፉት። በታመመበት ጊዜ ሁሉ ሰዉ «ሶማሌው ሞተ» ሲል እሳቸው «አልሞተም» እያሉ ሲከራከሩ ከርመዋል። እዚያ ሱቅ ያለው ሐበሻ ሁሉ ለሰፈሩ ሶማሌ ነው። ቤታቸው አስገብተው ማግዊንያ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ከሻይ ጋር አቀረቡልን። ከእኛ ቦምቦሊኖ ጋር መንታ ነው፤ ስኳሩ ብቻ ይቀረዋል። አምስት በላሁ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ያ አገር የሚያወርደው ዓይነት ዝናብ ወረደ። የእኛን የክረምት ዝናብ የለመደ ሰው እንኳ ይደነግጣል። ሲያባራ ተነሣን። መንገዱ በሙሉ ውሃ ሞልቷል። አበራ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ሆኖም ከሱቁ ብዙ ሳንርቅ የፊት ግራ ጎማችን ከውሃው ሥር የተደበቀ ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ ብሎ ገባ። ጎማው ሲፈነዳ ሰማሁት። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ቆመች።

ወረድን። አበራ ክሪክ ፈለገ፤ ክሪኩ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። ይኼኔ ከሱቁ ደጃፍ አራት ወንዶች መጡ። አንዱ «ሳዉቦና፣ ማማ» ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና የገዛውን ዳቦ እጄ ላይ አስቀመጠ። ቆጠሩና ብድግ አደረጓት። መኪናዋን! እንደ አልጋ ብድግ አድርገው ደረቁ ላይ አስቀመጧት። «ሻርፕ!» አሉ፣ አውራ ጣታቸውን አሳዩን፣ ያው ሰውዬ ዳቦውን ተቀብሎኝ ሄደ።

ሐና እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ፣ «አየህ አንክል? ባኪ ቢሆን ማን ያነሳው ነበር?» አለች።

«ባኪ ቢሆን መች ይገባ ነበር!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ይኼ ነው የሚያናድደው። አንዳቸው ቢሳሳቱ እኮ እገላግል ነበር። ስኮርታው ሲወጣ ደግሞ የብስክሌት ጎማ የሚያህል ቀጭን ነገር ነው። በእሱ ላይ እያነከስን፣ የጭነት መኪና እየጮኸብን፣ ሮዘተንቪል ደረስን። የጭነት መኪኖቹ ሲያልፉን የአበራ እጆች መሪው ላይ እንዴት እንደሚጠብቁ ከኋላ ሆኜ አየሁ። ያን ጊዜ በንዴት መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ አበራ ሐናን ከሥራ ስትወጣ ወስዶ ትልልቅ መኪኖች የሚሸጡበት ቦታ አዞራት። እኔን ምን ሊያደርግ እንደወሰደኝ እንጃ፤ «እትዬ ትፍረድ» ነው የሚለው። መፍረድ ቢፈቀድልኝ የሁለቱንም ጆሮ እቆነጥጥ ነበር። አንድ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ላይ አስወጣት፤ ለመውጣት መሰላል የሚያስፈልገው ነው። ሐና አጭር ናት፤ በእናቷ ወጥታለች። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደፊት ገፍታ እግሯ ፍሬኑን በጭንቅ ዳሰሰው።

«አንክል፣ ስማኝ» አለችው ከላይ ሆና። እዚያ ያደጉ ልጆች «እርስዎ» የሚለውን አያውቁትም፤ አክብሮታቸው ድምፃቸው ላይ ነው። «እኔ ከቤት የምወጣው ገና ጨለማ ሳለ ነው። ታክሲ መሳፈሪያው ላይ ቢላዋ አሳይተው ስልኬን ወስደውብኛል። ለዳዲ አልነገርኩትም። መኪና የምፈልገው ለዚህ ነው። ይሄን ይዤ ሮቦት ላይ ብቆም ደግሞ ስልክ አይደለም የሚወስዱት፤ መኪናውን ከነእኔ ነው። እዚህ ሌባ የሚወደው ባኪ ነው። ትንሿን ማንም ዞር ብሎ አያያትም።»

ሮቦት የምትለው የትራፊክ መብራቱን ነው። አበራ ፊቱ ተለወጠ። ስለ ቢላዋው ገና መስማቱ ነው፤ የእኔም። ግን ይኼ ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንዲህ ከሆነማ ጭራሽ ጠንካራ መኪና ነው የሚያስፈልግሽ።»

«አንተ ሰው፣ ልጅቷ የምትልህን ትሰማለህ ወይስ ጆሮህንም ቴክሳስ ጥለኸው መጣህ?» አልኩት። ሻጩ አማርኛ ባይሰማም ድምፄ ገብቶት ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለ።

በማግስቱ ረቡዕ እሺ ብሎ ትንንሾቹ የሚሸጡበት ወሰዳት። ከእኔ ስድብ ይልቅ የምሕረት ዝምታ ሳያሸንፈው አልቀረም፤ ቁርስ ላይ ሻዩን ስትቀዳለት አንድ ቃል አልተናገረችም። ሻጩ ጨዋ ወጣት ነበር። አንዲት ሰማያዊ ጀርመን ሠራሽ አሳየን። ሐና ገባች፣ መሪውን ያዘች፣ ወንበሩን መንካት እንኳ አላስፈለጋትም፤ የተሰፋላት ነበር የምትመስለው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልክ የሆነ ነገር ሳይ አውቃለሁ።

ሻጩ አበራ ከአሜሪካ እንደመጣ ሲሰማ፣ «ጌታዬ፣ እኔ እዚህ እንደ ዳቦ ነው የምሸጣት። አሜሪካኖች ግን ለምን አይወዷትም? ሁልጊዜ ይገርመኛል» አለው። ሐና ተረጎመችልኝ።

አበራ ጥያቄው ደስ ያለው መሰለ። «ይወዷታል እኮ» አለ። «ያይዋታል፣ ፈገግ ይላሉ፣ 'ስታምር!' ይላሉ። ከዚያ ሄደው ትልቁን ይገዛሉ። ቤንዚኑ ርካሽ ነው። መንገዱ ሰፊ ነው። ገበያው ሩቅ ነው፤ የሳምንት አስቤዛ፣ ሦስት ልጅ፣ ውሻ ጭነህ ነው የምትሄደው። ደግሞ ጎረቤትህ ትልቅ ሲገዛ አንተ በትንሽ መሄድ ትፈራለህ። እኔ ከጭነት መኪናዬ ላይ ሆኜ ትንሽ መኪና አጠገቤ ስትገባ ከስፖኪዮው ትጠፋብኛለች። የት ሄደች እያልኩ ልቤ ይመታል።»

ይህን ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። የኋላውን መዝጊያ ብድግ አደረገና መዳፉን ዘርግቶ ከኋላ ወንበሩ እስከ መስታወቱ ያለውን ለካ። አንድ ስንዝር ከጥቂት ጣት ነው። እጁን ከዚያ አላነሳም። ሻጩ ስለ ዕቃ መጫኛው ሊያስረዳ ጀመረና የአበራን ፊት አይቶ ተወው።

ከዚያ አበራ በሀዲይኛ አነጋገረኝ። ቀና ብሎ አላየኝም።

አሜሪካ በገባ በጥቂት ዓመቱ አንዲት ጣሊያን ሠራሽ ትንሽ መኪና ገዝቶ ነበር። ሚስቱ ወደደቻት። ልጃቸው ናታን ያኔ አራት ዓመቱ ነው፤ ከኋላ ተቀምጧል። መብራት ይዟቸው ቆመው ሳሉ ፒክአፕ ከኋላ መጥቶ ወጣባቸው። ሹፌሩ ወርዶ «አላየኋችሁም፣ አላየኋችሁም» አለ። የናታን እግር ሦስት ቦታ ተሰበረ። ዛሬም ያነክሳል።

እኛ የሰማነው ኳስ ሲጫወት ወድቆ እንደሆነ ነው። ለሩቅ ዘመድ ክፉ ወሬ አይነገርም በሚለው ልማዳችን ደብቆናል። አንድ ጊዜ ለናታን ሱሪ ልሰፋለት ልኩን ሲልኩልኝ አንዱ እግር ከሌላው ያጥር ነበር። «ሲለኩ ተሳስተው ነው» ብዬ ሁለቱን እኩል አድርጌ ሰፋሁት። እዚያ መኪና መሸጫ መሃል ያ ሱሪ ትዝ አለኝና መቀመጫ ፈለግሁ። ሻጩ ወንበር አመጣልኝ።

ሐና «ምንድን ነው? ምን አለሽ?» ትላለች። አበራ «ንገሪያት» አለኝ። ነገርኳት።

ከዚያ ከመኪናዋ ወርዳ አጠገቡ ቆመች።

«አንክል፣ እኔ ብቻዬን ነው የምነዳው። ከኋላ ማንም የለም።»

«አንድ ቀን ይኖራል።»

«ያኔ እቀይራለሁ።»

አበራ ወረቀቱ ወደተዘጋጀበት ጠረጴዛ ሄደ። ተቀመጠ። እስክሪብቶውን አነሣ። አየው። መልሶ አስቀመጠውና «እጄ እንቢ አለ፣ ሐናዬ። ትልቁን በይኝ አሁኑኑ እፈርማለሁ። ይህችን ግን እጄ እንቢ አለ» አላት። ሐናም «ትልቁን አልፈልግም» አለች፤ ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ። ሻጩ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየና ሻይ እንድንጠጣ ጠየቀን። እንግዳ አገር፣ የማይገዛ ሰው፣ ግን ሻይ በብስኩት አቀረበልን። ያን ልጅ እግዚአብሔር ይባርከው።

ሐሙስ ሐና በጨለማ ወጥታ በታክሲ ወደ ሥራዋ ሄደች። አበራ በመስኮት አያት። ቤቱ ውስጥ ስለ መኪና የተናገረ የለም፤ ሰላም ይሆናል ስል ማታ ዜናው ፈነዳ። እዚያው ደቡብ አፍሪካ አዲስ ዓይነት ቫይረስ ተገኘ ተባለ። ሐና ከሥራ ገብታ ማስኳን ሳታወልቅ «አንክል፣ ቲኬትህን እይ፤ ሊዘጉ ነው» አለች። በነጋታው አገሮች እንደ ቀበሌ ሱቅ በራቸውን ተራ በተራ ሲዘጉ ዋሉ። በአውሮፓ በኩል የነበረው የአበራ በረራ ተሰረዘ። ስልክ ይደውላል፣ ሙዚቃ ያሰሙታል፣ ይቋረጣል። አሜሪካ ዜጋዋን አትከለክልም፤ ችግሩ የሚያደርሰው አውሮፕላን ማግኘቱ ነው። በመጨረሻ ምሕረት በእኔ በረራ በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፍ መቀመጫ አገኘችለት።

አሁን ደግሞ ምርመራ። ሐና ቶሎ ውጤት የሚሰጥበትን ቦታ ነገረችን፤ ከመኪና ሳይወረድ ነው የሚመረመረው። ከተማው በሙሉ እዚያ ተሰልፏል። ፀሐዩ ጣሪያውን ያነዳል። ሰልፉ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆይተን ነርሷ በመስኮቱ እጇን አስገብታ ጥጡን አፍንጫው ውስጥ ስትሰድ፣ አበራ ደንግጦ ብድግ አለና ጭንቅላቱ ጣሪያውን መታ። ነርሷ «ኢሽ፣ ሶሪ ፓፓ» አለችው። እሱ ግንባሩን ይዞ «የመኪና ያለህ!» እያለ ጮኸ። ሳምንቱን ሙሉ ታፍኖ የነበረው ሳቄ ያን ጊዜ አምልጦኝ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ ነርሷ እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝ።

ቅዳሜ ሁላችንም አየር ማረፊያ ሄድን፤ ማርቆስና ምሕረት በአሮጌው ባኪ፣ እኛ በቢጫዋ። ጎጎ ከጻካኔ በምሕረት በኩል ማግዊንያ በላስቲክ ልከውልኛል። ማርቆስ ከመኪናው እስከ በሩ ድረስ ሳይቆም ሄደ፤ ይኼን ሳይ የመጣሁበት ሁሉ ተካሰ። አበራ ሐናን ወደ ዳር ጠራት። የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ራሷን ግራና ቀኝ ስትነቀንቅ ብቻ አየሁ። ከዚያ አቀፈችው፤ ክንዶቿ ዙሪያውን አልደረሱም።

አውሮፕላኑ ላይ አበራ ከጎኔ ተቀመጠ። እኔ አሁንም ተናድጃለሁ። ውቅያኖስ ተሻግሮ መኪና ሊገዛ መጥቶ፣ ሳምንት ሙሉ አንከራትቶን፣ መኪና ሳይገዛ የሚመለስ ሰው አይታችኋል? ልጅቷ ደግሞ አሁንም በጨለማ ታክሲ መሳፈሪያ ልትቆም ነው። በናታን የደረሰው ያሳዝነኛል፤ ሰውዬው ግን ያበሳጨኛል። ሁለቱ አይጣሉም። ስንለያይ ሳምኩትና «ለናታን ትክክለኛውን ልክ ላክልኝ፤ ሱሪ እሰፋለታለሁ» አልኩት። እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ሐና ከባንክ ጋር ተነጋግራ በየወሩ የምትከፍለው ያገለገለ መኪና ገዛች። ትንሽ ነው፤ ጀርመን ሠራሽ፤ ነጭ። ፎቶውን ለሁላችንም ላከች። አበራ ለፎቶው መልስ አልሰጠም። ሁለት ሳምንት ኮረፈ። ከዚያ አንድ ቀን ደውሎ «ጎማው አዲስ ነው?» ብሎ ጠየቃት፤ በማግሥቱ ደግሞ ስለ ፍሬኑ ጠየቃት፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሥራ ስትገባ መልእክት እንድትልክለት አስማላት። እሷ ዘንድ ሲነጋ እሱ ዘንድ የመኝታ ሰዓት ነው። መልእክቱ ሳይደርሰው አይተኛም።

ልጅ ናት፤ አንዳንድ ቀን ትረሳለች። ያን ቀን የሚጮኸው የእኔ ስልክ ነው። ገና ሱቄን ሳልከፍት፣ አንዳንዴ እየጸለይኩ፣ አንዳንዴ እሳት እያያያዝኩ። «እትዬ፣ ሐና ደርሳለች?» እኔ ሆሳዕና ሆኜ ጆሃንስበርግ ማን የት እንደደረሰ በምን ላውቅ! ባለፈው ማክሰኞ ትዕግሥቴ አለቀና ጮኽኩበት፦

«አንተ ሰው፣ ስልኳ አለህ አይደል? ለምን ለራሷ አትደውልላትም?»

«እየነዳች ከሆነስ?» አለኝ። «ስልክ እንድታነሣ አልፈልግም።»